አመዶ ወዴት ዞረ

ያን ቀን የሠራሁትን ሞኝነት አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ገና ሳይነጋ ወጥተን፣ በእሾህና በጠጠር መሐል ስንጓዝ አርፍደን፣ ገደሉ አፋፍ ላይ በሆዳችን ከተኛን በኋላ ጋሽ አብደላ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋና «መነጽሩን» አለኝ። እኔም ትልቅ አደራ እንደተወጣ ሰው ኮራ ብዬ የቆዳውን ማኅደር ከትከሻዬ አውርጄ አስረከብኩት። ከፈተው። ውስጡ የተቀቀለ እንቁላል ነበር። ለካ ሌሊት ስንቅ ሳሰናዳ እንቁላሉ ኪሴ ውስጥ እንዳይጨፈለቅ ብዬ፣ መነጽሩን አውጥቼ አልጋዬ ላይ አጋድሜ፣ እንቁላሎቹን በጨርቅ ጠቅልዬ በቦታው አስገብቻለሁ። መነጽሩን አንገቴ ላይ ላንጠለጥለው ነበር ሐሳቤ። እሱ ግን የእኔን ፍራሽ ወዶ ቀረ። ሩቅ ያለውን አቅርቦ እንዲያሳየን በዋዜማው እዚያው አዋሽ ካገኘሁት ከምሠራበት እርሻ ቀያሽ ለምኜ፣ ተለማምጬ፣ ያልሆንኩትን ሆኜ የተዋስኩት መነጽር ነው እንግዲህ።

ጋሽ አብደላ አልተቆጣም። አንዱን እንቁላል አነሳና ዓይኑ ላይ ደግኖ ሸለቆውን ከዳር እስከ ዳር ቃኘበት። «ያ ሰላም» አለ፣ «ጥርት አድርጎ ያሳያል። የት አገር ሥራ ነው?»

«የአገር ውስጥ ነው ጋሼ።»

«ጨው አለው?»

«ጨውም በርበሬም አለው።»

«እንግዲያው የፈረንጁን ያስንቃል» ብሎ ልጦ በላው። ሳቅን። እሱ ሲስቅ ግን እጁ ዓይኑን እያሻሸ ነበር። እኔ ያንን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። ብዙ ነገር ዘግይቼ ማስተዋል ልማዴ ነው፤ ጥርሴ ሲያልቅ ነው ሥጋ የሚጥመኝ።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ ሰሞኑን ሰመራ ላይ የገዛሁት እንቁላል ነው። ልጄ እዚህ ተመድባ ትሠራለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ የአዲስ አበባው ቤት ለእኔ ብቻ በዛብኝና፣ «አባዬ፣ የበጋውን ወር እኔ ጋ አሳልፍ» ስትለኝ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ መጣሁ። እሷ ጠዋት ወጥታ ማታ ትገባለች። እኔ ደግሞ ከዋናው መንገድ ዳር፣ ቆርቆሮ ጥላ ያለው ሻይ ቤት ተቀምጬ ወደ ጅቡቲ የሚወርዱትንና የሚመለሱትን ተሳቢዎች እቆጥራለሁ፤ ቁጥሩ ሲጠፋኝ እንደ ገና እጀምራለሁ። ሥራ አልፈታሁም ማለት ነው። በእኛ ጊዜ ሰመራ የሚባል ከተማ አልነበረም። እዚህ ቦታ ጥቁር ድንጋይና ነፋስ ነበር፤ አሁን ፎቁ፣ መሥሪያ ቤቱ፣ አደባባዩ ሁሉ መጥቷል፣ ነፋሱ ግን ቦታውን አለቀቀም። አንዲት ሴት በሳህን እንቁላል ይዛ መጣች፤ ገዝቼ ስልጥ ያ ሽታ፣ ያ ትኩስ ዕንፋሎት የሚመስል ሽታ፣ አፍንጫዬን ይዞ ወደ ገደሉ አፋፍ መለሰኝ።

ያን ጊዜ ሸለቆው ሁሉ የሚያወራው ስለ ጥጥ ነበር። እኔ ከአዋሽ ወደ ታች ባለ አንድ እርሻ የመጋዘን ጸሐፊ ነበርኩ፤ ጥጥ ሲገባ እጽፋለሁ፣ ጥጥ ሲወጣ እጽፋለሁ፣ ጥጥ በአፍንጫዬ ገብቶ ሳስነጥስ ደግሞ ማንም አይጽፍልኝም። ከደጋ በጭነት መኪና የሚመጡት ለቃሚዎች በብሔርም በመንደርም ተሰባስበው ማታ ማታ ይጨፍራሉ፤ እኔ ጸሐፊ ነኝና ከእነሱ ጋር መጨፈር አይገባኝም፣ አለቆቹ ደግሞ ከእኔ ጋር መብላት አይገባቸውም። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ቴትረን ሸሚዜን ለብሼ፣ ሱሪዬን ፍራሽ ሥር አስተኝቼ መስመር ካስያዝኩት በኋላ፣ የጥጥ መኪና ላይ ተንጠልጥዬ አዋሽ ሰባት ኪሎ እወጣ ነበር። ስደርስ ሸሚዙ ራሱ ጥጥ እርሻ መስሏል። ያኔ ሻይ ዐሥር ሳንቲም ነበር፤ በስሙኒ ፓፓያ ገዝቶ ለሁለት መብላት ይቻላል፤ ሽልንግ የያዘ ሰው የጣቢያው ቡፌ ውስጥ ወንበር ይሳብለታል። ባቡር ሲገባ ጣቢያው በአንድ ጊዜ ገበያ ይሆናል፤ የፍየል ወተት፣ ብርቱካን፣ ትኩስ ዳቦ፣ በመስኮት የሚወጣ እጅ፣ በመስኮት የሚገባ መልስ። ሊትሪናው፣ ፈጣኑ የመንገደኛ ባቡር፣ ነጭ አቧራውን ትቶ ሲሄድ ደግሞ ከተማው አፉን እንደ ዘጋ ሰው ጸጥ ይላል። ቡፌው ውስጥ አንድ የተሰነጠቀ ሸክላ ነበር። ዘፋኟ ስንጥቁ ላይ ስትደርስ አንዲቱን ቃል ደጋግማ፣ ደጋግማ ትላታለች፤ አሳላፊው መጥቶ መርፌውን በጣቱ ካላሳለፈላት አትላቀቅም። አንዳንድ ቅዳሜ እሱ ሥራ ይበዛበትና ሁላችንም ያቺን ቃል ስንሰማ እናመሽ ነበር። አልጠላትም ነበር እኔ፤ ለካ እሷም መሄጃ የላትም እላለሁ።

ጋሽ አብደላን ያገኘሁት እዚያ ነው። የጣቢያው የቴሌግራፍ ሠራተኛ ነበር፤ የድሬዳዋ ሰው፣ ረጅም፣ ከሥራ ሲወጣ ሽርጥ ለብሶ ነጭ ቆቡን ደፍቶ ውጪ ባለው ድንጋይ ላይ የሚቀመጥ። ሚስቱና ልጆቹ ድሬዳዋ፣ እሱ አዋሽ። የእሱ ጭንቀት ገንዘብም ሹመትም አልነበረም፤ ወፍ ነበር። በበጋ፣ የፈረንጅ አገር ብርድ ያባረራቸው ወፎች ወደ ሸለቆው ሲወርዱ፣ አብሯቸው አንድ ጭልፊት ይመጣል ይላል፤ መላ አካሉ አመድ፣ ክንፉ እንደ ማጭድ የቀጠነ፣ ርግብ በአየር ላይ የሚቀልብ። «አመዶ» ብሎ ስም አውጥቶለታል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየው። ይህንንም ቡፌ ውስጥ ሲናገር ሳቁበት። ከዚያ ወዲህ ሰካራም ሁሉ ሲገባ «አብደላ፣ አመዶ ሰላም ብሎሃል» ይለዋል። የጓሮውን ሥጋ የሚነጥቀውን ጭላት እያሳዩ «ያውልህ ወንድሙ» ይሉታል። ጭላት ጭራው ሹካ ነው፤ የአመዶ ጭራ ድፍን ነው፤ ይህንን ለማስረዳት የፈጀው ትንፋሽ ባቡር ይገፋ ነበር።

ሌላው ነገር ዓይኑ ነው። ሞራ እየሸፈነው ነበር። ለቴሌግራፉ ጆሮ ይበቃል፤ የጣቢያ ሰው ግን ቀይ ባንዲራና አረንጓዴ መለየት አለበት። በዚያ ሰሞን «ይበቃሃል፣ በጡረታ ወደ ቤትህ» የሚል ትእዛዝ መጣለት። የሚሄድበት ባቡር የዚያኑ እሑድ ማታ ነበር። ቅዳሜ ጎኔ መጥቶ ተቀመጠና «ታዴ» አለኝ፣ «ነገ ጠዋት አብረኸኝ ውጣ። እኔ ባየው አልሐምዱሊላህ፤ ባላየው እንኳ አንድ ሌላ ሰው ይይልኝ። ዕብድ ነበር ብለው እንዳይሸኙኝ።»

ምስክር ነበር የሚፈልገው። ከአዋሽ ሰው ሁሉ መርጦ መርጦ ደግሞ እኔን። ይህች ምርጫ ምን ያህል የተበላሸች እንደሆነች እንዲገባችሁ ስለ ፀጉር አስተካካያችን ልንገራችሁ። አንድ ቀን ባቡር ቆሞ ሳለ «አንደኛ ማዕረግ ውስጥ አንድ ሙሽራ ጺሙን ሊላጭ ይጠብቅሃል፣ ሮጠህ ግባ» ብዬው፣ ሰውየው ሳሙናውን በጥብጦ፣ ብሩሹን ይዞ ከፉርጎ ፉርጎ ሙሽራ ሲፈልግ ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ከሚቀጥለው ጣቢያ በእግሩ ነው የተመለሰው፣ ሳሙናው ደርቆ። በአዋሽ ውስጥ እኔ «ፀሐይ ወጣች» ብል ሰው ወጥቶ ያያል። ይህንን እያወቀ ጋሽ አብደላ እኔን ያዘ፤ ሌላ የሚከተለው ሰው አልነበረውምና።

መንገድ ላይ፣ ፀሐይዋ ገና ሳትከር፣ ብቻዋን ከቆመች አንዲት ግራር ሥር አንድ አፋር አገኘን። ያዮ ይባላል። ከብቶቹ ከኋላው ተበታትነው ደረቅ ቁጥቋጦ ይቀጥፋሉ፤ ጎድናቸው ይቆጠራል። አፋር ከሰው ሲገናኝ እንደኛ «ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ» ብሎ አያልፍም። ይቀመጣል። ከወጣበት ጀምሮ ያየውን፣ የሰማውን፣ የሰማውንም ከማን እንደሰማው ይናገራል፤ ከዚያ ዝም ብሎ የአንተን ይጠብቃል። ዳጉ ይሉታል። ያላዩትን አየሁ ማለት ነውር ነው፤ ተቀብሎ ሳይመልሱ መሄድም እንደዚያው። ጋሽ አብደላ ቋንቋውን አሳምሮ ይናገር ነበርና ተቀምጠው ረጅም ጊዜ ተቀባበሉ። እኔ ለእሱ ሲባል ጸጥ ብዬ ተቀመጥኩ፤ እንደዚያ ጸጥ ብዬ የማውቀው በቅዳሴም አይደለም።

«አይቶታል» አለኝ ጋሽ አብደላ። «ርግቦቹ ካሉበት ገደል ፊት ለፊት፣ ጠዋት ጠዋት። አልቀለድኩም፣ ታዴ፤ ሌላ ሰው አይቶታል።»

ያዮ ደግሞ የራሱ ጥያቄ ነበረው። ጋሽ አብደላ ተረጎመልኝ። ወንዙ ዳር የነበረው የበጋ ግጦሽ አሁን ጥጥ ሆኗል፤ እዚያ የሚያስገባ የለም። ሣር ሩቅ ሄዶ መፈለግ ግድ ነው፣ ግን ወዴት? ያ አመድማ ወፍ ርግብ ብቻ አይበላም፤ ከሰዓት በኋላ አንበጣ ወዳለበት ይሄዳል፣ አንበጣም ዝናብ የጣለበትን አያጣም። እሱ የማያውቀው ወፉ ከገደሉ ተነስቶ ወዴት እንደሚዞር ነው፤ ከብት ጥሎ ገደል አፍ ላይ ሊውል አይችልም። «ስትመለሱ እዚህ ግራር ሥር እጠብቃችኋለሁ» አለ። «ወዴት እንደ ዞረ ንገሩኝ።» ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ ጨመረበት፤ «አንተ ዓይንህ ደህና ነው። አንተ እይ።»

የጥጥ ጸሐፊ መሆኔን አልነገርኩትም። ሸሚዜ ላይ ያለውን ጥጥ ግን ዝም ብሎ ሲያየው ነበር።

እንግዲህ ወደ እንቁላሉ ተመለስን። እንቁላሉን በላን፣ ከፔርሙዙ ሻይ ጠጣን፣ ጠበቅን። ከበታችን የአዋሽ ወንዝ ቡናማ ሆኖ ይሄዳል፤ ከላይ ሲያዩት ውኃ ሳይሆን መንገድ ይመስላል። ፀሐይ ጀርባችንን ጠበሰችው። ጋሽ አብደላ በየመሐሉ «ምን አለ?» ይለኛል፤ እኔም «ድንጋይ አለ ጋሼ» እለዋለሁ። «ሌላስ?» «ሌላ ድንጋይ።» በዚህ ሁኔታ ብዙ ቆየን። ድንገት ርግቦቹ ከገደሉ ሆድ በአንድ ጊዜ ተበተኑ፤ ድምፁ ትልቅ ጨርቅ ሲቀደድ ይመስል ነበር። ከላያቸው አንድ ነገር ወረደ።

«ጋሼ፣ መጣ።»

«አትቀልድ።»

«አልቀለድኩም። አመድ ነው። ሁለመናው አመድ።»

«ጭራው? ሹካ ነው?»

«አይደለም። ድፍን ነው። ክንፉ ቀጭን፣ ወደ ኋላ የታጠፈ። እግሩ ቢጫ ነው ጋሼ። ርግብ ሳተ። ወጣ፣ ወደ ላይ ወጣ፣ ፊት ለፊታችን ነው።»

ያን ወፍ ዛሬም ቁጭ አድርጌ ልሥለው እችላለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያየሁት ነገር ጥቂት ነው። ግን ዘወር ስል ጋሽ አብደላ አፉን ከፍቶ፣ ፊቱ በርቶ፣ ወፉ ከሌለበት ከግራ በኩል ያለውን ባዶ ሰማይ ያያል። በሙሉ ልቡ ያየዋል። መነጽሩ አልጋዬ ላይ ነው። ምን ላድርግ? ጭንቅላቱን በሁለት እጄ ያዝኩና፣ ያን ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን፣ ቀስ አድርጌ ወደ ቀኝ አዞርኩት። ጢሙ መዳፌን ወጋኝ። «እዚያ፣ እዚያ ጋሼ» አልኩት። ከዚያ እኔም ቀና አልኩ። ሰማዩ ባዶ ነበር።

ጋሽ አብደላ ዓይኑን አሻሸ። «አንድ ጥላ ነገር አለፈ» አለ። «ወፉ ይሁን የዓይኔ ሞራ አላወቅኩም።»

ምናልባት ይመለሳል ብለን ጠበቅን፤ አልተመለሰም። ስንነሳ ቀኑ ተገባዶ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ከምዕራብ የባቡሩ ጩኸት በሩቁ ተሰማ፤ ከሰዓቱ ቀድሞ ነው ወይስ እኛ ነን የዘገየነው? በግራሯ በኩል ብንዞር አንደርስም። ሐዲዱን ይዘን በቀጥታ ሮጥን። ጋሽ አብደላ ክንዴን ይዞ እየሮጠ «ያዮስ?» አለኝ። «ነገ ሄጄ እነግረዋለሁ» አልኩት።

ቡፌው ሞልቶ ነበር፤ ሊሸኙት የመጡም፣ ሊስቁበት የመጡም። የሮጥነው ለጩኸቱ ነበር፤ ባቡሩ ግን ድንጋይ ከሰል የጫነ ዕቃ ማመላለሻ ሆነና የመንገደኛው እስኪመጣ ሰዓት ተረፈን። እኔም ወንበር ላይ ቆምኩ። «ስሙኝ፣ አይቼዋለሁ» አልኩ። ጭራውን፣ ክንፉን፣ እግሩን፣ አንድም ሳልጨምር ተናገርኩ። ፀጉር አስተካካዩ ከጥግ ሆኖ «ሙሽራውስ? አብሮት ነበር?» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አሳላፊው ዓይኑን እየጠረገ «ታዴ፣ ይህችኛዋ ግን ከሁሉ ትበልጣለች» አለኝ። እኔ ባስረዳሁ ቁጥር እነሱ ይበልጥ ይስቃሉ፤ እግሩ ቢጫ ነው ስል አንዱ ከወንበር ወደቀ። ጋሽ አብደላ ሻንጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሸክላው ስንጥቁ ላይ ደርሶ ያቺን ቃል ይላታል።

ባቡሩ ሊነሳ ሲል ከመስኮት ሆኖ እጄን ያዘኝ። «ታዴ፣ አሁን ማንም የለም። እውነቱን ንገረኝ። አየኸው? ወይስ ሽማግሌው ደስ ይበለው ብለህ ነው?»

እኔም እንዲያምነኝ ብዬ፣ በእሱ ዘንድ ይከብዳል ብዬ፣ «ወላሂ አይቼዋለሁ» አልኩት። እኔ፣ ማተቤ በአንገቴ ላይ የታሰረ የአንኮበር ልጅ። አየኝና ሳቀ። «በእኛ መሐላ ትቀልዳለህ ደግሞ» አለ፤ ሳቁ ውስጥ አንዳች ነገር ሲወድቅ ታየኝ። በማተቤ እንድምልለት አፌን ስከፍት ፉርጎው ተንቀሳቀሰ። አጠገቡ ሮጥኩ፣ ማተቤን ይዤ እያሳየሁት፣ እሱ ግን ዓይኑ ከዚያ ርቀት ክር አያይም። ለሌሎቹ የሚያጨበጭብ ዕብድ መስዬ ሳልታይ አልቀርም።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ የጥጥ መኪናው መጥቶ ወደ እርሻ ወሰደኝ፤ የለቀማው ጥድፊያ ነበር። እንደገና ወደ ግራሯ የሄድኩት ብዙ ሰንብቼ ነው። ከሥሯ ያዮ ተክሎት የነበረውን የሰሌን ጎጆ ዳር የያዙት ድንጋዮች ክብ ሠርተው ቀርተዋል፣ የከብት እዳሪው ደርቋል። ወዴት እንደሄዱ የሚናገር ሰው አልነበረም። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ የባቡር ትኬት ቆራጭ ከድሬዳዋ መልእክት አመጣልኝ፤ «ዓይኑ የጠፋ አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ተቀምጦ፣ ‹ለዚያ ውሸታም ሰላም በልልኝ፣ አመዶ መጣ ወይ በለው› ብሎሃል።» ስድብ ይሁን ሰላምታ፣ ይመን አይመን፣ እስከ ዛሬ እንደማላምጠው አጥንት አፌ ውስጥ ነው። በሚቀጥለው በጋ እሄዳለሁ አልኩ። ከዚያ ጊዜው ተለወጠ፣ እርሻውም ሰዉም ተበተነ፤ ስጠይቅ አብደላ ካረፈ ቆይቷል አሉኝ።

ሰመራ ላይ እንቁላሌን ስልጥ አንድ ሰው ከአጠገቤ ተቀመጠ። ሁመድ ይባላል፣ የግመል ደላላ ነው፣ ጺሙን በሂና አቅልቷል። «አባባ፣ ምን ወሬ አለ?» አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ዛሬ ግመል በነጻ እየታደለ ነው» እለው ነበር። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ጀመርኩለት። ከግራሯ ጀምሬ፣ ያዮ ያለውን፣ እኛ ያየነውን፣ ሳላሳምር፣ ሳልቀልድ ነገርኩት። አልሳቀም። ሻይው ቀዝቅዞ በዝንብ ተወረረ፣ አላስተዋለውም።

«ከሰው ሰማኸው ወይስ በዓይንህ አየኸው?»

«በዓይኔ።»

«እሺ። የየትኛው ጎሳ ያዮ ነው?»

«አላውቅም። ከብቶቹ የተጎዱበት ያዮ።»

«እሱማ ብዙ ነው» አለ። አሰበና፣ «ግድ የለም፣ ነገ ወደ አፋምቦ እወርዳለሁ። እዚያ የሚያውቅ ሽማግሌ አይጠፋም፤ ልጆቹም ቢሆኑ ይሰሙታል። ወዴት ዞረ?»

«ምኑ?»

«ወፉ ነዋ። ሰውየው የጠየቀው እሱን ነው። ወዴት ዞረ?»

«ወደ ፀሐይ መውጫ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ተቀምጦ ነበር። ማን ያውቅብኛል? ያ ሣር እንደሆነ ደርቆ፣ በቅሎ፣ ደርቆ ስንት ጊዜ አልፎታል። ቀና ብዬ ሁመድን ሳየው ግን የአብደላን ፊት የሚመስል ነገር ነበረው፤ አፉን ትንሽ ከፍቶ፣ የምለውን ሁሉ ሊቀበል ተዘጋጅቶ።

«አላየሁም» አልኩት። «ያን ጊዜ የሰው ጭንቅላት ይዤ ነበር።»

ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። «እንግዲያው አላየም ብዬ እነግራቸዋለሁ» አለና የሻይውን ከፍሎ፣ ዱላውን አንስቶ ሄደ። እኔም የቀረችኝን እንቁላል በጨው ነካ አድርጌ በላሁ። ለያዮ አንዲት አቅጣጫ አለብኝ።